ሽቦው ላሜራውን ሲነካ፦ በአውቶማቲክ ብየዳ አርክ በአንድ ጊዜ እንዲነሳ
(ባሕር ዳር ለብየዳ ባለሙያዎችና ለወርክሾፕ ባለቤቶች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች የተስተካከለ)

በእጁ የሚበይድ ሰው አርክ፣ ማለትም በሽቦውና በላሜራው መካከል ተነስቶ ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ እሳት፣ እምቢ ሲለው ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽቦው የሚወጣበትን መያዣ፣ ቶርቹን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋል፣ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ይቆርጣል፣ ላሜራውን ፋቅ ፋቅ አድርጎ እንደገና ይሞክራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሳያስበው ነው። ማሽን ግን እንዲህ ዓይነት እጅ የለውም። የታዘዘውን ፍጥነት ይዞ ሽቦውን ይገፋል፤ አርክ ተነሳም አልተነሳም የሚበየደውን ዕቃ የያዘውን ጠረጴዛ ማዞሩን አይተውም። ከዚያ በኋላ የምናገኘው መጀመሪያው ያልገባ የብየዳ መስመር፣ ዙሪያውን የተበተነ ፍንጣሪ፣ አንዳንዴም ላሜራው ላይ ተተክሎ የቀረ የሽቦ ቁራጭ ነው።

አውቶማቲክ ስል ሮቦት ብቻ ማለቴ አይደለም። የውሃ ታንከር፣ የመስኖ ቧንቧ ወይም የጣና ጀልባ አካል የሚሠራ ወርክሾፕ ቶርቹን ማቆሚያ ላይ አስሮ ቧንቧውን በጊር ሞተር ካዞረ፣ ወይም ቶርቹን በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ካስያዘ፣ አውቶማቲክ ብየዳ ውስጥ ገብቷል። የአርክ አነሳስ ጣጣውም ከሮቦቱ ጣጣ ጋር አንድ ነው። ቁጥር ስጠራ በሐሳቤ የያዝኩት 1.2 ሚሊ ሜትር ጠጣር የብረት ሽቦ፣ ብየዳውን ከአየር የሚከልለው ጋዝም ሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ወይም የአርጎንና የሲኦቱ ቅልቅል የሆነበትን ሥራ ነው። ስለ ሌሎቹ ሽቦዎች መጨረሻ ላይ ጥያቄ ስለተነሳ እዚያው ታገኙታላችሁ።

አርክ አልነሳ ሲል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንነካው የቮልቴጁን ቁልፍ ነው። እኔ ቁልፉን ተዉት እላለሁ። አብዛኛው የአነሳስ ችግር የሽቦ ችግር ነው፦ ሽቦው በምን ፍጥነት መጣ፣ ጫፉ ምን ይመስላል፣ መንገዱ ላይ ምን ያዘው።

ሽቦው ላሜራውን ሲነካ የሚሆነውን በዝግታ እንየው። ከቲፑ፣ ማለትም ቶርቹ አፍ ላይ ለሽቦው ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው የመዳብ ቀዳዳ፣ እስከ ላሜራው ባለው 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ሽቦ ውስጥ የሾርት ከረንት (አርክ ሳይኖር በቀጥታ ንክኪ የሚያልፍ ከረንት) ይፈስሳል። በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉም የበለጠ ሬዚስታንስ ያለው ጫፉ ላሜራውን የነካበት ነጥብ ነው፤ ሁለቱ የሚነካኩት ለዓይን በማይታዩ ጥቂት ጉብታዎች ብቻ ነውና። ከረንቱ ቶሎ ከወጣ ሙቀቱ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ነጥቧ ቀልጣ ትበጠሳለች፤ በተከፈተው ጠባብ ክፍተት አርኩ ይነሳል። ጥሩ አነሳስ ይህ ነው፤ ድምፁ አጭር፣ ፍንጣሪው ጥቂት ነው።

ሽቦው በኃይል እየተገፋ ከመጣ ግን ጫፉ ላሜራው ላይ ይጨፈለቃል፤ የንክኪው ስፋት ይጨምራል፤ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። አሁን የሚግለው ጫፉ ብቻ ሳይሆን ሽቦው በሙሉ ነው። ቁመቱን ተከትሎ ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ መሐል ላይ ወይም ቲፑ አፍ ላይ በፍንዳታ ይበጠሳል። የተበጠሰው ቁራጭ ወይ ይወረወራል ወይ ላሜራው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የቀረው ሽቦ ደግሞ ረጅም ርቀት ላይ ስለሆነ አርኩ ይጠፋል፤ ሽቦው እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይመታል። “ጠ-ጠ-ጠ” የሚለው ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። በደቂቃ 8 ሜትር የሚሄድ ሽቦ በሰከንድ 133 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ንክኪው ቀልጦ እስኪበጠስ 20 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ በዚያች ጊዜ ውስጥ 2.7 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይወጣል። መሄጃ ስለሌለው ይጎብጣል፣ አለዚያም ቶርቹን ወደ ላይ ይገፋል። ሽቦው በደቂቃ 2 ሜትር ብቻ እየሄደ ቢነካ ግን በዚያው 20 ሚሊ ሰከንድ የሚወጣው 0.7 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ያን ያህሉን ሽቦው ትንሽ በመለመጥ ብቻ ይችለዋል።

ስለዚህ ሽቦው እስኪነካ ድረስ በዝግታ፣ ከነካና አርኩ ከተነሳ በኋላ በፍጥነት መሄድ አለበት። ማሽኖች ላይ “ራን-ኢን”፣ “ክሪፕ ስታርት” ወይም “ሶፍት ስታርት” የሚሉት ይህንን የመቅረቢያ ፍጥነት ነው። ለ1.2 ሽቦ ከ1.5 እስከ 3 ሜትር በደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው፤ በሌላ አነጋገር ከ8 ሜትሩ የመበየጃ ፍጥነት አንድ አምስተኛ እስከ ሁለት አምስተኛ ገደማ።

“እንግዲያው እስከሚቻለው ዝቅ እናድርገው” የሚል ሰው ግን ወዲያው ሌላ ችግር ውስጥ ይገባል። አርኩ ከተነሳ በኋላ ማሽኑ የሚሰጠው ኃይል የ8 ሜትሩን ሽቦ የሚያቀልጥ ኃይል ነው። ሽቦው አሁንም በ2 ሜትር እየመጣ ከሆነ ጫፉ በልዩነቱ ማለትም በ6 ሜትር በደቂቃ፣ በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ቲፑ ይሸሻል። 15 ሚሊ ሜትሩን ለመጨረስ 150 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። አርኩ ሲረዝም ከረንቱ ስለሚቀንስ በተግባር ትንሽ ይዘገያል፤ ቢሆንም ሽቦው ቲፑ ላይ ቀልጦ ሲጣበቅ ያያችሁ ሁሉ የዚህን ሩጫ መጨረሻ ነው ያያችሁት። ሽቦው ከመቅረቢያው ፍጥነት ወደ ሙሉ ፍጥነት በ100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ሰርቮ ሞተር (ፍጥነቱን በቅጽበት የሚቀይር ሞተር) ያለው ፊደር፣ ማለትም የሽቦ መግፊያ፣ ይህን በቀላሉ ያደርገዋል። አሮጌ ዲሲ ሞተር ከከባድ ጊር ጋር ከሆነ ይዘገያል፤ እንዲህ ባለው ማሽን የመቅረቢያውን ፍጥነት ወደ ግማሽ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ትንሽ ፍንጣሪ ታተርፋላችሁ፣ ቲፑ ግን ይተርፋል።

ማሽኑ “ነክቻለሁ፣ ልፍጠን” የሚለው በምን ምልክት እንደሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ከረንት እንዳየ ወዲያው ይፈጥናል። ከረንት መፍሰሱ ግን አርክ መነሳቱ አይደለም፤ ሾርትም ከረንት ነው። ሾርት ላይ እያለ ከፈጠነ የመቅረቢያው ዝግታ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። የራሳችሁን የማዞሪያ ጠረጴዛ የምትሠሩ ሰዎች ከረንቱንም ቮልቴጁንም አብራችሁ አንብቡ። ከረንት ኖሮ ቮልቴጁ ከ10 በታች ከሆነ ሾርት ነው፤ ከረንት ኖሮ ቮልቴጁ ከ15 በላይ ወጥቶ ለ50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከቆየ አርክ ነው። ጠረጴዛው መዞር ያለበት ሁለተኛውን ምልክት አይቶ፣ እንደ ላሜራው ውፍረት ከ0.1 እስከ 0.5 ሰከንድ ጠብቆ ነው። ጠረጴዛውን በሰዓት ቆጣሪ ብቻ ማስነሳት፣ “1 ሰከንድ ጠብቆ ይዙር” ማለት፣ አርክ የዘገየ ቀን ያልተበየደ ክፍተት ትቶ መሄድ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሞተሩ ያዘዘውን ቲፑ ጋ ያለው ሽቦ እንደሚፈጽም ቆጥረን ነው። አይፈጽምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የብስክሌት ፍሬን ካቦ አስቡ። በባሕር ዳር ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ጥቂት ነው። መያዣውን ስትጨብጡ ካቦው መጀመሪያ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ልል ቦታ ይሞላል፤ ጎማው የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ሽቦው ከፊደሩ እስከ ቶርቹ የሚያልፍበት የኬብሉ ውስጥ ቱቦ፣ የቶርች ላይነርም፣ እንዲሁ ነው። የውስጥ ስፋቱ 2.0 ሚሊ ሜትር የሆነ ላይነር ውስጥ 1.2 ሽቦ ሲገባ 0.8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ሽቦው ሲሳብ በመታጠፊያዎቹ የውስጥ ግድግዳ በኩል ይጠጋል፤ ሲገፋ ወደ ውጭው ግድግዳ ይሄዳል። ኬብሉ ላይ ያሉት መታጠፊያዎች ተደምረው አንድ ሙሉ ዙር ከሆኑ የሁለቱ መንገዶች ልዩነት 0.8 ሲባዛ በ6.28፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ነው። በመቅረቢያ ፍጥነት፣ በ3 ሜትር በደቂቃ፣ ይህን ለመሙላት 0.1 ሰከንድ ያስፈልጋል። ሞተሩ እየዞረ ቲፑ ጋ ምንም የማይንቀሳቀስበት 0.1 ሰከንድ ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሽቦው እንደ ምንጭ ታምቆ ከቆየ በኋላ በድንገት ዘልሎ መውጣቱ ነው፤ በ2 ሜትር ያዘዝነው ሽቦ ላሜራውን የሚመታው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይሆናል።

ሰበቃውም በመታጠፊያ ብዛት የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን አንድ ሙሉ ዙር የታጠፈ ላይነር ሽቦውን ለማስወጣት የሚያስፈልገውን ኃይል 3.5 እጥፍ ያደርገዋል። ሁለት ዙር ሲሆን 12 እጥፍ ያልፋል። ፊደሩን መሬት አስቀምጦ 4 ሜትር ኬብል ጠምዝዞ መስቀያ ላይ የሰቀለ ሰው ሽቦውን የሚገፋውን ሮለር ቢያጠብቅም አይድንም። ፊደሩ ከቶርቹ በላይ ይሰቀል፤ ኬብሉ በአንድ ሰፊ ቅስት ይውረድ። ቶርቹ የማይንቀሳቀስበት፣ ቧንቧው ብቻ የሚዞርበት ሥራ ደግሞ ረጅም ኬብል ለምን ያስፈልገዋል? ሮቦት ኬብሉን ግዴታ ነው የሚያጣጥፈው፤ የእናንተ ጠረጴዛ ግን ይህን ሸክም ያለ ምክንያት ነው የተሸከመው።

ላይነር ስትቀይሩ ልኩን አስተውሉ፤ ለ1.0 እና 1.2 ሽቦ በተለምዶ ቀይ ሽፋን ያለው ነው። ስትቆርጡት ኬብሉን መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። ታጥፎ ሳለ የተቆረጠ ላይነር ኬብሉ ሲዘረጋ ያጥራል፤ በላይነሩና በቲፑ መያዣ መካከል በሚፈጠረው ክፍተት ሽቦው ይጎብጣል። አዲስ ጥቅል ሽቦ በገባ ቁጥር ቲፑን ፈትታችሁ ላይነሩን በኮምፕረሰር አየር ንፉ። የሚወጣው ዱቄት ቀለሙ ወሬ ያወራል፦ የመዳብ ቀለም ያለው ቅርፊት ከሆነ ሮለሩ ሽቦውን እየላጠው ነው፤ ቡናማ ከሆነ ሽቦው ዝጓል።

ሮለሩ ለጠጣር የብረት ሽቦ ለስላሳ የቪ ቅርፅ ቦይ ያለው ይሁን፤ የቦዩ ልክ ከሽቦው ልክ ጋር አንድ ይሁን። ግፊቱን ለመፈተን ደረቅ እንጨት አቁሙና ቶርቹን ወደ እሱ አዙራችሁ ሽቦ አስወጡ። ቶርቹ ለእንጨቱ ቀረብ ሲል ሽቦው እንጨቱን ገፍቶ መቆም፣ ሮለሩ መንሸራተት አለበት። ራቅ ሲል ሽቦው መታጠፍ አለበት። ቀርቦም ከታጠፈ ግፊቱ በዝቷል፤ ርቆም ከተንሸራተተ አንሷል። ሽቦው ሲወጣ ኤሌክትሪክ አለበትና እንጨቱ ከማሽኑም ከጠረጴዛውም ብረት ጋር አይነካካ፤ መነጽርም አይረሳ።

የጥቅሉ ፍሬን እዚያው ፊደሩ ውስጥ የተረሳ ነገር ነው። 15 ኪሎ ጥቅል በመቅረቢያ ፍጥነት ሲነሳ ከባድ ነው፤ ፍሬኑ ከጠበቀ ሮለሩ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ይንሸራተታል። ከላላ ደግሞ ብየዳው ሲቆም ጥቅሉ መዞሩን ቀጥሎ ሽቦውን ያዝረከርካል። ሞተሩ ሲቆም ጥቅሉ ሩብ ዙር ሳይሞላ እንዲቆም አድርጋችሁ እሰሩት።

ወደ ሽቦው ጫፍ እንምጣ። የአሁኑ አርክ አነሳስ ግማሹ የሚወሰነው ያለፈው ብየዳ ሲያልቅ ነው። ብየዳው ሲቆም ሞተሩ ወዲያው ቀጥ አይልም፤ ትንሽ ይንሸራተታል። ከረንቱ ከሞተሩ ጋር እኩል ቢቆም ሽቦው እየቀዘቀዘ ባለው የቀለጠ ብረት ኩሬ ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል። ስለዚህ ማሽኑ ከረንቱን ከሞተሩ በኋላ ለአጭር ጊዜ ያቆየዋል፤ “በርንባክ” የሚሉት ይህን ነው። ጊዜው ሲበዛ ጫፉ ላይ ትልቅ ኳስ ይሠራል፣ ሲበዛበትም ሽቦው ቲፑ ውስጥ ይቀልጣል። ሲያንስ ሽቦው ላሜራው ላይ ይቀራል። በ50 ሚሊ ሰከንድ ጀምሩ፤ ከተጣበቀ 10 ጨምሩ፤ ኳሱ ካበጠ ወይም የወጣው ሽቦ ካጠረ 10 ቀንሱ። ትክክለኛው ቁጥር የሞተራችሁ ፍሬን ቁጥር ስለሆነ ከሌላ ማሽን ላይ መገልበጥ አይሆንም።

ኳሱ ለምን ይጎዳል? አንደኛ፣ 1.2 የነበረው ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ኳስ ከሆነ የሚቀልጠው ብረት ይበዛል፣ ከረንቱም በሰፊ ንክኪ ይበተናል። ሁለተኛውና የባሰው መስተዋቱ ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ኢ-አር-70-ኤስ-6 ሽቦ ከ0.80 እስከ 1.15 በመቶ ሲሊከንና ከ1.40 እስከ 1.85 በመቶ ማንጋኒዝ አለው። እነዚህ ኦክስጅንን ለመያዝ የተጨመሩ ናቸው፤ ይዘውትም በብየዳው ላይ የምናየውን ቡናማ የመስተዋት ቅርፊት ይሠራሉ። ያ ቅርፊት ኳሱ ጫፍ ላይም ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ሽቦው ላሜራውን ነክቶ፣ እየገፋ፣ እየጎበጠም ምንም ከረንት የማይታይበት ጊዜ አለ፤ መሐላቸው ያለው መስተዋት ነው። በንጹሕ ሲኦቱ ስትበይዱ ከአርጎን ቅልቅል የበለጠ ቅርፊት ይወጣል።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ብየዳው ካለቀ በኋላ ጋዙ ከ0.5 እስከ 1 ሰከንድ ይቆይ፤ ቶርቹም በዚያ ጊዜ ከቦታው አይነሳ። ይህ ኩሬውን ብቻ ሳይሆን ትኩሱን ሽቦም ከአየር ይጠብቃል። ማሽናችሁ የመጨረሻ የከረንት ምት የሚሰጥ ከሆነ አብሩት፤ ምቱ የመጨረሻዋን ጠብታ አራግፎ ጫፉን ቀጭን ያደርገዋል። ሦስተኛው መቁረጥ ነው። ሮቦቶች ኖዝል የሚጠርግ፣ ፍንጣሪ መከላከያ የሚረጭና ሽቦ የሚቆርጥ ጣቢያ አላቸው። የማዞሪያ ጠረጴዛ ያለው ወርክሾፕ ደግሞ ቧንቧውን የሚያወርደው ሰው ፒንሳ በእጁ ይያዝና በእያንዳንዱ ቧንቧ መሐል ጫፉን ሰያፍ አድርጎ፣ ሁልጊዜ በአንድ ርቀት፣ ይቁረጥ። ሰያፍ የተቆረጠ ሽቦ በሹሉ ስለሚነካ ከረንቱ በጠባብ ቦታ ይከማቻል። ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የተበላሸ ጅማሬ በግራይንደር ፍቆ እንደገና መበየድ ግን ሁለት ደቂቃ አይበቃውም።

ቲፑን በተመለከተ አጭር ልሁን። ሽቦው ቀዳዳውን እያሰፋ ሞላላ ያደርገዋል፤ ከረንቱ የሚገባበት ነጥብ ቦታ ይቀያይራል፤ በውስጡ ትንንሽ ብልጭታዎች ይፈጠራሉ። አንድ 15 ኪሎ ጥቅል ወደ 1,690 ሜትር ሽቦ ነው፤ ያ ሁሉ በአንዲት የመዳብ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ቲፕ እስኪበላሽ ጠብቆ መቀየር የእጅ ብየዳ ልማድ ነው። እዚህ በሽቦ ኪሎ ቆጥራችሁ ቀይሩ፤ ቁጥሩን ከራሳችሁ የአነሳስ መዝገብ ታገኙታላችሁ።

ከረንቱ ከላሜራው ወደ ማሽኑ የሚመለስበት ግራውንድ ደግሞ የግማሹ መንገድ ጌታ ነው። በማዞሪያ ጠረጴዛ ላይ መቆንጠጫውን ፍሬሙ ላይ ካሰራችሁት ከረንቱ በኩሽኔታው በኩል ያልፋል፤ ኩሽኔታው ሲዞር ንክኪው ይለዋወጣል፣ ኳሶቹም ይቃጠላሉ። የሚዞረውን ዘንግ በቀጥታ የሚይዝ የካርቦን ወይም የመዳብ ብሩሽ አድርጉ። ትርፍ ኬብል በብረት ላይ ጠምጥማችሁ አትተዉ፤ ጥቅሉ ከረንቱ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገየዋል፣ የአነሳስ ነገር ደግሞ የከረንት አወጣጥ ፍጥነት ነው። ላሜራው አርኩ በሚነሳበት ቦታ ቢያንስ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ከጥቁር ቅርፊት፣ ከቀለምና ከዘይት ነጻ ይሁን።

አካባቢያችን የራሱ ነገር አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የብየዳ ማሽኖች ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ የማሽኑ ፋን በታሰበው ልክ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ የማሽኑ መግለጫ ሳህን ላይ የተጻፈውን፣ ሳያርፍ የሚሠራበትን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ማሽኑ ላይ ያደረ ሽቦ ላዩ ይዝጋል፤ ዝገት ጫፉ ላይ ንክኪን ያበላሻል፣ በላይነሩ ውስጥም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ማታ ጥቅሉን አውጥታችሁ በላስቲክ ከሲሊካ ጄል ጋር አስሩት፤ ጠዋት የመጀመሪያውን ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሳው ነፋስ ደግሞ ጋዙን ይወስደዋል። ነፋሱ በሰከንድ 2 ሜትር ሲደርስ፣ ማለትም ፊት ላይ ሲሰማ፣ መከለያ ያስፈልጋል። በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚፈስሰውን ጋዝ ወደ 30 መጨመር አያድንም፤ ፍሰቱ ይዞርና አየር ይጎትታል። ጋዙ ከሽቦው በፊት ከ0.2 እስከ 0.5 ሰከንድ ይቅደም። ቱቦው ውስጥ ታፍኖ የቆየው ጋዝ ቫልቩ ሲከፈት በኃይል ስለሚወጣ ሽቦው የሚነካው ያ ግፊት ካለፈ በኋላ መሆን አለበት። ጅማሬው ላይ ብቻ ቀዳዳ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሲኦቱ ሲሊንደር ላይ ማሞቂያ የሌለው ሬጉሌተር ካለ ደግሞ ጋዙ ሲስፋፋ ይቀዘቅዛል፣ በረዶ ይይዛል፣ ፍሰቱም ይቆራረጣል።

ለማስተካከል ስትነሱ የማሽኑን ስክሪን ሳይሆን ሜትር ያዙ። ሽቦውን ለ10 ሰከንድ አስወጡና ለኩ፤ በ6 ስታባዙት ፍጥነቱ በደቂቃ ይወጣል። በ8 ሜትር 133 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። የመቅረቢያውን ፍጥነትም ለብቻው ለኩ። ከዚያ ስልካችሁን በሴኮንድ 240 ምስል በሚያነሳበት መንገድ አድርጋችሁ፣ ካሜራው ፊት ቁጥር 11 የብየዳ መስተዋት አቁማችሁ፣ 30 አነሳስ ቅረጹ። በእያንዳንዱ ምስል መካከል 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አለ። ሽቦው የት ላይ እንደተበጠሰ ተመልከቱ። ጫፉ ላይ ከተበጠሰ መልካም። መሐል ላይ ከተበጠሰ የመቅረቢያው ፍጥነት በዝቷል ወይም ከረንቱ ዘግይቷል። ነክቶ ሳይበራ ከጎበጠ ጫፉ መስተዋት ይዟል ወይም ግራውንዱ ደካማ ነው። ከበራ በኋላ አርኩ ወደ ላይ ሸሽቶ ከጠፋ ሞተሩ አልፈጠነም ወይም ሮለሩ ተንሸራቷል። አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ እንደገና 30 ቅረጹ። ሁለት ቁልፍ አብሮ የሚያዞር ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

“ሆት ስታርት” የሚባለውን የመጀመሪያ ተጨማሪ ኃይል እስካሁን ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። እሱ ከተነሳ በኋላ ቀዝቃዛው ላሜራ ውስጥ ብየዳው እንዲገባ የሚረዳ ነው፤ ወፍራም ላሜራ ላይ ለ0.2 እስከ 0.5 ሰከንድ ጥሩ ነው። እምቢ ያለ አርክ ላይ ሲጨመር ግን ፍንዳታውን ያጎላዋል።

አቅም ያለው ሰው ሽቦውን ወደ ኋላ በመሳብ አርክ የሚያስነሳ ሥርዓት መግዛት ይችላል። ሽቦው በዝግታ ይቀርባል፤ ሲነካ በትንሽ ከረንት ይታወቃል፤ ሞተሩ ወዲያው ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ሲለያይ ትንሽ አርክ ይፈጠራል፤ ከዚያ ኃይሉም ፍጥነቱም አብረው ያድጋሉ። ፍንዳታ የለም፤ ሽቦው ሳይፈነዳ ስለሚለያይ። ግን ለዚህ ቶርቹ ላይ ወይም አጠገቡ ፈጣን ሞተር ያስፈልጋል። ቅድም ያልነው 5 ሚሊ ሜትር ልል ቦታ ባለበት ኬብል ሩቅ ያለ ሞተር 2 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢስብ ቲፑ ጋ ምንም አይሰማም። ፊደሩ ላይ በሶፍትዌር ብቻ “ሪትራክት” እንደሚያደርግ የሚነገርለትን ማሽን ስትገዙ የኬብሉን ርዝመት ጠይቁ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን ላስፍር።

“መብራት ሲዋዥቅ ሽቦው ፍጥነቱን ይቀይራል ወይ?” የተባለው በማሽኑ ይለያል። ኢንኮደር ወይም ታኮ (የሞተሩን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሞተር ፍጥነቱን ራሱ ያርማል። የሌለው ግን ከመስመሩ ጋር ይወርዳል፤ የሚከፋው ደግሞ በቁልፍ ደረጃ የሚሠራው የትራንስፎርመር ማሽን የብየዳ ቮልቴጁም አብሮ መውረዱ ነው። የ10 ሰከንዱን ልኬት ጠዋትና መብራት በሚደክምበት ማታ ሁለቴ ሥሩት፤ ከ5 በመቶ በላይ ከተለያየ የፊደሩን መቆጣጠሪያ ለብቻው በስታቢላይዘር መመገብ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ነው።

“በውስጡ ዱቄት ላለው ሽቦስ?” ሽቦው ቱቦ ስለሆነ ከረንቱ የሚሄደው በቀጭኑ ግድግዳ ነው፤ ጫፉ ላይ የሚቀረው ስላግም (መስተዋት መሰሉ ቅርፊት) ከጠጣሩ ሽቦ ይበልጣል። ስለዚህ መቁረጥ እዚህ ግዴታ ነው። ሮለሩ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ግፊቱ ግን ቱቦውን እንዳይደፈጥጠው በጣም ትንሽ ይሁን።

“ለአልሙኒየምስ?” አልሙኒየም ሽቦ ለስላሳ ስለሆነ ሲገፋ ይታጠፋል። ሮለሩ የዩ ቅርፅ ቦይ፣ ላይነሩ ቴፍሎን፣ ኬብሉ 3 ሜትርና ከዚያ በታች፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቶርቹ ላይ የሚስብ ሞተር ያለው። ብረቱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ አርኩ የሚነሳበትን ቦታ በስቴንለስ ብሩሽ ብሩሹት፤ ብሩሹም ብረት ነክቶ የማያውቅ ይሁን። ሆት ስታርት እዚህ ያስፈልጋል፣ አልሙኒየም ሙቀቱን ወዲያው ስለሚያሸሸው። በርንባኩን ደግሞ ለብረት ከያዛችሁት ቁጥር ቀንሳችሁ ጀምሩ፤ አልሙኒየም ሽቦ ወደ ቲፑ ሲሸሽ ከብረቱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ትርፍ ቲፕ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሞክሩ።